እርፉን መቼ እንልቀቅ? ጀማሪ ተመራማሪን ራሱን ስለማስቻል

ጠባሴ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ጀማሪ ተመራማሪ ለምትከታተሉ ሁሉ ነው።

በደብረ ብርሃን ዙሪያ በሰብልና በአፈር ሥራ ላይ አራት ጀማሪዎች በእኔ ሥር አሉ። ሁሉም ሁለተኛ ዲግሪ ይዘዋል። ፕሎት (የሙከራ መደብ) ይለካሉ፣ ያዘራሉ፣ መረጃ ይሰበስባሉ፣ ሪፖርቱንም በጊዜው ያደርሳሉ። በትጋት አይታሙም። ነገር ግን ምን እንጠይቅ፣ ስንት ትሪትመንት (የሚነጻጸር አማራጭ) ይኑር፣ በየትኛው ቀበሌ ይሁን፣ የደከመው ሙከራ ይቋረጥ ወይስ ይቀጥል የሚለው ሁሉ የሚያድረው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለአንድ ሳምንት ስብሰባ ከወጣሁ ነገሩ ባለበት ቆሞ ይጠብቀኛል።

መጀመሪያ ምኑን ነው የማስረክባቸው? ስንት ጊዜስ ይፈጃል? የጽሑፍ ላይ የስም ቅደም ተከተልስ በምን ይዳኛል? «አበረታታቸው፣ እመንባቸው» የሚለውን ምክር ጠግቤያለሁ፤ የሚሠራበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

---

ጉዶ_በረት

መልሱ ግማሹ ጥያቄዎ ውስጥ አለ። ልጆቹ ሥራውን ይዘዋል፣ ውሳኔው ግን እርስዎ ጋር ነው። ልጁን እርሻ የሚያስተምር ገበሬ አንድ ቀን እርፉን ያስይዘዋል፤ ጅራፍ ብቻ ሲያስይዘው ከኖረ ልጁ በሬ ነጂ ሆኖ ይቀራል።

ለእያንዳንዱ ልጅ በአንድ ገጽ የውሳኔ ሠንጠረዥ ያውጡ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ውሳኔው፣ አሁን ያለበት ደረጃ፣ ጣሪያው (እስከ ስንት ብር፣ እስከ ስንት ፕሎት)፣ ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚሻገርበት ወር። ደረጃዎቹ አራት ናቸው። በ1ኛው እርስዎ ይወስናሉ፣ እሱ አጠገብዎ ሆኖ ምክንያቱን ይሰማል። በ2ኛው እሱ ከነምክንያቱ ያቀርባል፣ እርስዎ ያጸድቃሉ። በ3ኛው እሱ ይወስናል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅዎታል። በ4ኛው እሱ ይወስናል፣ እርስዎ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ያዩታል።

አብዛኛው ሲኒየር 2ኛው ላይ ነው ተቸንክሮ የሚቀረው። ማጽደቅ ሥልጣን ስለሚመስል ይጣፍጣል፤ ጀማሪውም ቢሳሳት የሚያድነው ሰው ስላለ ይመቸዋል። ሁለታችሁም ተመችቷችሁ ዓመታት ያልፋሉ።

ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የጉዳዩ ክብደት ሳይሆን ስህተቱ መመለስ መቻሉ ነው። የመረጃ መመዝገቢያ ቅጹን ማዘጋጀት፣ የሳምንቱን የመስክ ጉዞ ማቀድ፣ የቀን ሠራተኛ ቁጥር መወሰን ቢበላሹ በሳምንት ውስጥ ይስተካከላሉ፤ ዛሬውኑ 3ኛ ደረጃ ላይ ያድርጓቸው። የትኛው ባሕርይ ይለካ የሚለው ይከተላል። ትሪትመንትና ቦታ መምረጥ ወቅት ያስበላል፣ ስለዚህ በትንሽ ሙከራ ይጀመር። የጥናቱን ጥያቄ መምረጥ የመጨረሻው ነው።

ለትንሹ ሙከራ እንዲህ ያስቡት። ከዋናው ፕሮጀክት ጎን ለልጁ የራሱ የሆነ የገብስ ሙከራ ይስጡት፦ 4 ትሪትመንት በ3 ብሎክ (ብሎክ እያንዳንዱን ትሪትመንት አንድ አንድ ጊዜ የያዘ የፕሎቶች ስብስብ ነው)፣ በድምሩ 12 ፕሎት። አንዱ ፕሎት 1.2 ሜትር በ2.5 ሜትር (6 ረድፍ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት)። በፕሎት መካከል ግማሽ ሜትር፣ በብሎክ መካከል 1 ሜትር ቢተው ጠቅላላው 6.3 በ9.5 ሜትር፣ ማለትም 60 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሄክታር 125 ኪሎ ሒሳብ አንድ ፕሎት 37.5 ግራም ዘር፣ አንድ ረድፍ 6.25 ግራም ይወስዳል። ሙሉ በሙሉ ቢከሽፍ የሚጠፋው ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዘርና የጥቂት ቀን ጉልበት ነው። እዚህ ላይ ከ3ኛው ደረጃ በታች አይውረዱ።

አሁን የቀን መቁጠሪያው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። የደጋው ገብስ ደግሞ የሚዘራው በሰኔ ነው። የአዲሱ ዓመት ገንዘብ ተለቆ ግዥ እስኪፈጸም ዘሩ መሬት ውስጥ መሆን ነበረበት። ስለዚህ በሐምሌ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ወስን» ብሎ መስጠት ባዶ እጅ መስጠት ነው፤ የሚወሰነው ነገር አልቋል። ርክክቡ በጥር ይሁን። እስከ የካቲት ማብቂያ ጥያቄውንና ትሪትመንቱን ይጻፍ፣ በመጋቢት ቦታውን አይቶ ይምረጥ፣ በሚያዝያ የግዥ ጥያቄውን ራሱ ሞልቶ ራሱ ይከታተል። ግዥና ፋይናንስ የትኛው ወረቀት የት ጠረጴዛ ላይ እንደሚቆም ያላወቀ ሰው፣ ሳይንሱን የቱንም ያህል ቢያውቅ፣ ራሱን አልቻለም።

መስክ ሳይጠብቁ ጥያቄ ማውጣትን ለማለማመድ ደግሞ የቆየ መረጃ አለ። እዚሁ አጠገባችን አንዲት ጥድ በሚባለው ቦታ ያለው የተፋሰስ ጣቢያ በ1982 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዝናብ፣ የጎርፍና የደለል መጠን ለመለካት ነው። መረጃውን ከያዘው አካል በደብዳቤ መጠየቅ ራሱ ትምህርት ነው። ልጁ በ2 ወር ውስጥ ከመረጃው ሊመለስ የሚችል አንድ ጥያቄና ሊመለስ የማይችል አንድ ጥያቄ ከነምክንያቱ ያቅርብ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ጊዜውን ጠይቀዋል። አንድ ከባድ ውሳኔ አንድ ደረጃ ለመሻገር አንድ መኸር ይፈጃል ብለው ይያዙ። ከጥያቄ እስከ ታተመ ጽሑፍ ያለውን ዙር ብቻውን ለማካሄድ ሦስት መኸር። ከዚያ ከበለጠ ጥፋቱን መጀመሪያ ከራስዎ ይፈልጉ።

---

ጥቁር_አፈር_እነዋሪ

ጉዶ በረት ያሉት መንገድ ጥሩ ነው፣ ሙከራው ግን ይስተካከል። 4 ትሪትመንት በ3 ብሎክ ሲሆን የስህተቱ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (የዘፈቀደው ልዩነት የሚገመትበት ነጻ መረጃ ብዛት) 3 በ2 ተባዝቶ 6 ብቻ ነው። በዚህ ቁጥር እውነተኛ ልዩነት ቢኖር እንኳ በጣም ትልቅ ካልሆነ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ልጁ የመጀመሪያ ሥራው «ልዩነት የለም» ሆኖበት ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይም ደግሞ ቁጥር መነካካት ይለምዳል። ቢያንስ 12 ይሁን የሚለውን የተለመደ መመዘኛ ያዙ። 5 ብሎክ ካደረጋችሁት 3 በ4፣ 12 ይሆናል። ፕሎቱ 20 ይደርሳል፣ ቦታው 6.3 በ16.5፣ ማለትም 104 ካሬ ሜትር። ዘሩ 750 ግራም። አሁንም ርካሽ ነው።

ከዚህ በላይ ግን አንድ ልማድ ብቻ አስለምዱ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፦ ከመዝራት በፊት ትንታኔውን በውሸት ቁጥር ማስጨረስ። ልጁ የመስክ አቀማመጡን ራሱ በአር (R በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) በዕጣ ያውጣ፤ ዕጣው በኋላ በትክክል እንዲደገም የመነሻ ቁጥሩን ይመዝግብ። በኤክሴል 20 የፈጠራ ምርት ይሙላ፣ የልዩነት ትንተናውን (አኖቫ) ያስኬድ፣ ሠንጠረዡንና ግራፉን እስከ ርዕሱ ድረስ ያዘጋጅ። በዚያ ሰዓት ብሎክ የሚለውን ዓምድ መርሳቱ፣ የተከፈለ ፕሎትን (ትልቁ ፕሎት ውስጥ ትንንሽ ፕሎት ያለበትን ሙከራ) ሁለት የስህተት መለኪያ እያስፈለገው በአንዱ ብቻ መፈተኑ፣ የሚያስፈልገውን ባሕርይ በቅጹ አለማካተቱ ሁሉ ይወጣል። በግንቦት የወጣ ስህተት እርሳስ ይበቃዋል። በኅዳር ሲወጣ ወቅቱ አልፏል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው።

ጀማሪዎች የሚወድቁባቸውን ቦታዎች ልጥቀስ፤ ሠንጠረዡ ላይ «ጣሪያ» ስትሉ እነዚህን አስቡ።

ብሎክ አቀማመጥ። ተዳፋት ላይ ብሎኩ ቁልቁል ከተዘረጋ ላይኛው ፕሎት ደርቆ ታችኛው ውኃ ይተኛበታል፣ ያ ልዩነት ትሪትመንት መስሎ ይወጣል። አንዱ ብሎክ በአግድም፣ በእኩል ከፍታ ላይ ይረፍ፤ የተዳፋቱ ልዩነት በብሎክና በብሎክ መካከል ይቅር። በሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር ላይ ይህን የሳተ ሰው የለካው የውኃ መተኛትን ነው፣ ማዳበሪያን አይደለም።

የውሸት ድግግሞሽ። በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ 10 ቦታ ናሙና መውሰድ 10 ድግግሞሽ አይደለም፤ አንድ ነው። ሰፊ ምክር ለመስጠት የሚያስፈልገው የገበሬው ቁጥር ነው።

የምርት ስሌት። ከ6ቱ ረድፍ መካከለኞቹ 4ቱ ብቻ ከታጨዱ የታጨደው ስፋት 2 ካሬ ሜትር ነው። 600 ግራም ከተገኘ በሄክታር 30 ኩንታል። በልምድ ሙሉውን 3 ካሬ ሜትር ይዞ ያካፈለ 20 ኩንታል ብሎ ይጽፋል። ሁሉም ፕሎት እኩል ስለሚቀንስ የትሪትመንት ልዩነቱ ትክክል ይመስላል፤ ለዚህ ነው ማንም ሳያየው እስከ ሪፖርት የሚደርሰው።

እርጥበት። ገብስና ስንዴ ወደ 12.5 በመቶ ይስተካከላል። የተለካው እርጥበት 16 ከሆነ 84 ለ87.5 አካፍለህ ታባዛለህ፤ 30 የነበረው 28.8 ኩንታል ይሆናል። ጠዋት የተመዘነና ከሰዓት የተመዘነ ፕሎት ሳይስተካከል ከተነጻጸረ ዋጋ የለውም።

ጥሬውን መረጃ ማንም እንዳይነካው ቆልፎ ማስቀመጥ፣ እርማት ሁሉ በሌላ ፋይል ላይ ከነምክንያቱና ከነቀኑ መጻፍ። ይህን ሲኒየሩም ያክብረው። «ይቺ ቁጥር አልጣመችኝም» ብሎ በልጁ ፋይል ላይ የሚጽፍ አለቃ ያስተማረው ምን እንደሆነ ራሱ ያውቃል።

በነገራችን ላይ የመጠይቅ ጥናት ለሚሠሩት፦ 384 የሚባለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። 50 በመቶ ግምት፣ 95 በመቶ መተማመኛ፣ 5 በመቶ የስህተት ልክ ሲያዝ የሚወጣ ነው፤ ያውም ቤተሰቦቹ በቀጥታ በዕጣ ከተመረጡ። መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ቤት የምትመርጡ ከሆነ በንድፉ ማስተካከያ (በአንድ ቀበሌ ያሉ ቤቶች ስለሚመሳሰሉ ናሙናውን በሚያሳድገው ቁጥር) ይባዛል። 1.5 ቢያዝ 576፣ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 634። ጀማሪው «ለምን 384?» ተብሎ መመለስ ካልቻለ የናሙና ውሳኔ ገና 1ኛ ደረጃ ላይ ነው።

---

የመንዝ_ጭጋግ

ሰብል ላይ ያላችሁት ይህን ሁሉ ብላችሁ ስለ ሰው አላነሳችሁም። በእንስሳት ሥራ፣ በተለይ በሞላሌና በመሐል ሜዳ እንደሚካሄደው የመንዝ በግ የማኅበረሰብ ማራቢያ ባለ ሥራ፣ ሲኒየሩ ሳያውቀው አንቆ የሚይዘው ነገር ስልኩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ናቸው። አርቢዎቹ፣ የልማት ሠራተኛው፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሁሉ የሚያውቁት እሱን ነው። ጀማሪው ለብቻው ሲሄድ «ጋሼ ለምን አልመጡም?» ይባላል፤ አውራ በግ የሚመርጠው ስብሰባም አይሞላም።

ርክክቡን በሦስት ጉዞ አድርጉት። በመጀመሪያው ሲኒየሩ ይናገር፣ ጀማሪው ግን በስሙና በኃላፊነቱ ይተዋወቅ፤ «ረዳቴ ነው» ማለት ቀርቶ «ከእንግዲህ ሥራው የእሱ ነው» ይባል። በሁለተኛው ጀማሪው ይምራ፣ ሲኒየሩ ከኋላ ቁጭ ብሎ ጥያቄ ሲመጣለት «እሱን ጠይቁት» ይበል። በሦስተኛው ሲኒየሩ ይቅር። የትብብር ደብዳቤውም በጀማሪው ስም ይውጣ። ከዚያ በኋላ ገበሬ ሲደውልላችሁ መልስ አትስጡ፣ ቁጥሩን ስጡ። ለሽማግሌ እንዲህ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ «ጉዳዩን የያዘው እሱ ነው፣ አሁኑኑ እንዲደውልልዎት አደርጋለሁ» ካላችሁ ቅር አይሰኙም።

ጉዶ በረት ስለሚመለስና ስለማይመለስ ስህተት የተናገሩት በእኛ ዘንድ ይበልጥ ይከራል። የግልገል ክብደት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተመዘነ አለቀ፣ ነገ የለም። ስለዚህ ምዘናውን ለጀማሪ ስትሰጡ በየመንደሩ መዝጋቢ መኖሩንና ሚዛን መድረሱን አብራችሁ አረጋግጡ፤ ተጠባባቂ ሚዛን ይኑር። የጡት መጣያ ክብደት ግን ትንሽ ይታገሣል፦ ቀኑ ቢዛነፍ ወደ 90 ቀን ይስተካከላል። ሲወለድ 2.4 ኪሎ የነበረ በ100ኛው ቀን 11.2 ከመዘነ፣ ጭማሪው 8.8 ለ100 ተካፍሎ በ90 ተባዝቶ በልደት ክብደቱ ላይ ሲደመር 10.3 ኪሎ ይሆናል። የልደት ክብደት ከሌለ ግን ይህም አይሠራም። አንዱ የጎደለ ቁጥር ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል።

የመስክ መኪናም አለ። ስምሪት ፈራሚው ሲኒየሩ ብቻ ከሆነ ሠንጠረዡ ጌጥ ነው። በወር ስንት ቀን መኪና የጀማሪው እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ።

---

ሰላ_ድንጋይ

ከጀማሪዎች ወገን ሆኜ ልጨምር። የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ዕውቀት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። «እሺ» የሚለው ቃል ገብቶኛል ማለትም፣ አልተስማማሁም ግን አልከራከርም ማለትም ሊሆን ይችላል። እርስዎ የትኛው እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ ከሌለ ሠንጠረዡ ላይ 3ኛ ደረጃ ተብሎ ተጽፎ በተግባር 1ኛ ላይ ይኖራል።

ሁለት ነገር ይረዳል። ጀማሪው ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ባዶውን አይምጣ፤ ጥያቄው፣ ሁለት አማራጭ፣ የራሱ ምርጫና ምክንያቱ በግማሽ ገጽ ይጻፉ። በስብሰባም ላይ መጀመሪያ ትንሹ ይናገር፣ ሲኒየሩ መጨረሻ። ትልቁ አስቀድሞ ከተናገረ የሌላው ሐሳብ እዚያው አፍ ውስጥ ይቀራል።

ስለ እርማት። ጽሑፍ ተቀብሎ ሦስት ወር አስተኝቶ፣ ከዚያ ሙሉውን በቀይ ቀለም መመለስ ልጁን አያሳድግም። በ10 የሥራ ቀን እንደምትመልሱ ቃል ግቡ። አስተያየቱን በሦስት ለዩት፦ የግድ መታረም ያለበት፣ ቢታረም የሚሻል፣ የጸሐፊው ምርጫ የሆነ። ሦስተኛውን ጀማሪው ሳይቀበል ቢቀር አይጠየቅም። ዐረፍተ ነገሩን ራሳችሁ አትጻፉለት። ሌሊት ቁጭ ብሎ አስተካክሎ መላክ ደግነት ይመስላል፤ ልጁ ግን የሚማረው «እንዳመጣጡ ልላከው፣ ጋሼ ያስተካክሉታል» የሚለውን ነው።

ሴት ተመራማሪዎችን በተመለከተ መስክ ላይ የሚታደርበት ቦታና የመመለሻ ሰዓት በዕቅዱ ላይ ቀድሞ ይጻፍ። «ይከብዳታል» ተብሎ ሩቅ ጣቢያው ለወንድ ሲሰጥ የሚወሰደው ጉዞው ብቻ አይደለም፣ መረጃውም ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ይከብዳት እንደሆነ እሷ ትጠየቅ።

---

ጣርማበር

የስም ቅደም ተከተሉን ማንም አልነካውምና እኔ ልያዘው።

የስም ጠብ የሚነሳው ጽሑፉ ሲያልቅ ስለሚወራ ነው። ፕሮቶኮሉ በሚጻፍበት ቀን አንድ ገጽ ይፈረም። መመዘኛው አለ፦ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ፣ በአጭሩ አይሲኤምጄኢ፣ አራት ነጥብ አስቀምጧል። በንድፉ ወይም በመረጃው ወይም በትንታኔው ላይ ጉልህ ድርሻ፤ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም ይዘቱን በጥልቀት ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። አራቱም በአንድነት መሟላት አለባቸው። ገንዘብ ማምጣት፣ ክፍሉን በኃላፊነት መምራት፣ መረጃ መሰብሰብ ብቻውን ደራሲ አያደርግም፤ ምስጋና ላይ ይገባል። ግብርና ላይም ቢሆን ይሠራል። ማን ምን እንደሠራ ለመለየት ደግሞ ክሬዲት የሚባለው ባለ 14 ሚና ዝርዝር አለ፤ ብዙ ጆርናሎች ይጠይቁታል። እሱን በመጀመሪያው ቀን በእርሳስ ሙሉት፣ በየስድስት ወሩ አርሙት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። መረጃ የሰበሰበው ጀማሪ ደራሲ አይሆንም ብሎ መመዘኛውን እንደ ዱላ መጠቀም አይገባም። ኮሚቴው ራሱ የመጀመሪያውን ነጥብ ላሟላ ሰው በማርቀቅና በማረም የመሳተፍ ዕድል ይሰጠው ይላል። ዕድሉን ከልክሎ «አላሟላህም» ማለት ተንኮል ነው።

ለጠባሴ፣ በቅደም ተከተል፦ የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ልጁ ቀዳሚ፣ እርስዎ መጨረሻና የደብዳቤ ተቀባይ (ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው ደራሲ)። በሁለተኛው ልጁ ቀዳሚም የደብዳቤ ተቀባይም ይሁን፤ ገምጋሚዎች ለሚያነሱት መልስ የሚጽፈው እሱ ስለሆነ ከሁሉም የበለጠ የሚማርበት እዚህ ነው። ሦስተኛው ላይ ስምዎ አይኑር። ይህ ብዙ ሲኒየር የሚሰናከልበት ነው፣ ምክንያቱም ለዕድገት የሚቆጠር ጽሑፍ ነው። ግን ስሙ ከእርስዎ ስም ተነጥሎ የማያውቅ ተመራማሪ የምርምር ገንዘብ ሲጠይቅ ገምጋሚው «ሐሳቡ የማን ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ትንንሾቹ ነገሮች፦ ልጁ ባለ 16 አኃዙን የኦርኪድ መለያ (ተመራማሪን ከስመ ሞክሼው የሚለይ ቁጥር) ዛሬ ያውጣ፣ ነጻ ነው። መሥሪያ ቤት ሲቀይር የሚዘጋ ኢሜይል ብቻ ይዞ የደብዳቤ ተቀባይ አይሁን። ጆርናል ሲመርጥ በጥቂት ቀን እናትማለን እያለ በኢሜይል የሚለማመጥን ይሽሽ፤ ክፍት (በነጻ የሚነበብ) ጆርናል ከሆነ በዲኦኤጄ፣ ማለትም በክፍት ጆርናሎች ማውጫ፣ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ይይ፣ የአዘጋጆቹን ስምና ቢያንስ ሦስት የታተሙ ጽሑፎችን ያንብብ። የማተሚያ ክፍያ ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ደራሲዎች በብዙ አሳታሚዎች ዘንድ ይሰረዛል፣ ነገር ግን ከመላክ በፊት ወይም በሚላክበት ጊዜ ነው የሚጠየቀው። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይሠራም። በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል ደግሞ የተመዘገበ ተቋም ያለ ክፍያ የሚያነበው ብዙ ጆርናል አለ፤ የይለፍ ቃሉ ብዙውን ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ጠያቂ አጥቷል።

---

ጠባሴ

እግዜር ይስጥልኝ። ካሰብኩት በላይ አገኘሁ። ሠንጠረዡን ጀምሬዋለሁ፤ ከጻፍኳቸው 19 ውሳኔዎች 14ቱ 2ኛ ደረጃ ላይ ናቸው፣ ጉዶ በረት እንዳሉት።

አንድ ነገር ቀረኝ። 3ኛ ደረጃ ላይ ያለ ልጅ የወሰነው ስህተት እንደሆነ እያየሁ ዝም ልበል? የት ላይ ነው የምገባው?

---

ጉዶ_በረት

የሚገቡባቸውን ቦታዎች አስቀድመው ይጻፉና ለልጁ ይስጡት፤ በዕለቱ ስሜት አይወሰኑ። እኔ ዘንድ ሦስት ናቸው። ሰው ወይም እንስሳ የሚጎዳ ከሆነ፤ ለምሳሌ ፀረ ተባይ ያለ መከላከያ ልብስ የሚያስረጭ ዕቅድ። የገበሬን እምነት የሚያስከፍል ከሆነ፤ ለምሳሌ ማሳውን ተጠቅሞ ውጤቱን ሳይነግሩ መቅረት፣ ወይም ምርቱ ቢጎድል ካሣ ሳይስማሙ መጀመር። ወይም ከተጻፈው የብርና የፕሎት ጣሪያ የሚያልፍ ከሆነ። ከእነዚህ ውጭ ያለውን ይተዉት።

መተው ማለት ግን ረስቶ መተኛት አይደለም። የጠረጠሩትን በደብተርዎ ላይ ከነቀኑ ይጻፉ፦ «ዘግይቶ የሚደርሰውን ዝርያ መርጧል፣ በኅዳር ውርጭ ሳይደርስ ይመታዋል ብዬ እፈራለሁ።» ለልጁ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ «ይህ እንደማይሠራ በየትኛው ወር፣ በምን ምልክት ታውቃለህ?» መልስ ካለው ይቀጥል። ከሌለው መልሱን ይዞ እስኪመጣ ሙከራው ይቆይ፤ ያ ጣልቃ መግባት አይደለም። በታኅሣሥ ደብተርዎንና የእሱን ውጤት ጎን ለጎን ታዩታላችሁ። አንዳንዱ ጊዜ የተሳሳተው ደብተሩ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ነገር ይጠብቁ፦ አንዴ የሰጡትን ውሳኔ በስብሰባ መካከል፣ በሰው ፊት መልሰው አይንጠቁ። መውሰድ ካለብዎት ለብቻው ጠርተው፣ ሠንጠረዡ ላይ ደረጃውን ዝቅ አድርገው፣ ምክንያቱንና መቼ እንደሚመለስለት ጽፈው ያድርጉት።

---

ጥቁር_አፈር_እነዋሪ

ውርጩን ካነሱ አይቀር፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ የሙቀት መጠን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር እዚያው ፕሎቱ አጠገብ ይተከል። የከተማውን ጣቢያ መረጃ ብቻ ይዞ በረባዳ መሬት ላይ ያለን ገብስ «ውርጭ መታው» ወይም «አልመታውም» ማለት አይቻልም፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ረባዳው ይወርዳል።

---

ጠባሴ

ተቀብያለሁ። የመጀመሪያውን የራሱን ሙከራ የሚይዘው አንዱ ልጅ ነው፣ 4 ትሪትመንት በ5 ብሎክ። 6.3 በ16.5 ሜትር ብዬ ቦታ ላስለካ?

---

ጥቁር_አፈር_እነዋሪ

ዙሪያውን 1 ሜትር ለጠባቂ ረድፍና ለመተላለፊያ ጨምሩ፤ 8.3 በ18.5፣ ማለትም 154 ካሬ ሜትር ገደማ። ግን ይህን ለምን እርስዎ ይጠይቁኛል? ልጁ ይጠይቀኝ።

---

ጠባሴ

ተያዝኩ። ነገ በራሱ ስም ይጽፍላችኋል።